ከተለመደው ዕድሜ በኋላ የተጠባባቂ ጦር አብራሪ ስለ መሆን

የጦር አይሮፕላን ማብራት የወጣት ሥራ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቈጥሮ ይገኛል። የሀያ ሁለት ወይም የሀያ ሦስት ዓመት ወጣት ይመረጣል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ግን ዐይኑ የጠራ፣ ልቡም ጤነኛ ቢሆን ጊዜህ አልፏል ተብሎ ይመለሳል። ነገሩ ከሰውነት ድካም ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው ሰው ሁለት መቶ መንገደኞች ጭኖ ውቅያኖስ እንዲያቋርጥ ባልተፈቀደለትም ነበር። በአሜሪካ የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ የጡረታ ወሰን ቀድሞ 60 ዓመት ነበር፤ በ2007 ደግሞ ወደ 65 ከፍ ብሏል። እንግዲህ የጦር አብራሪነት የዕድሜ ወሰን ከሰውነት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ምክንያት ሲሆን፣ ምሳሌዎቹን አብዛኛውን የወሰድነው ተጠባባቂ አብራሪዎች በብዛት ከሚገኙበት ከአሜሪካ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ተጠባባቂ አብራሪ ማን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ይህ ሰው እንጀራውን በሲቪል ሥራ እያገኘ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ለጦር ሠራዊቱ ያገለግላል። ይህ ግን በሕጉ የተጻፈው ትንሹ መጠን ነው። እጁ ከመሪው እንዳይርቅ የሚፈልግ አብራሪ ከዚህ የበለጠ ብዙ ቀን መብረር ግዴታው ነው፤ ወታደራዊ በረራ በወር ሁለት ቀን ብቻ ተይዞ የሚቈይ ዕውቀት አይደለምና። በአሜሪካ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ድርጅቶች አሉ። አንዱ በ1947 የተቋቋመው የአየር ብሔራዊ ዘብ ነው፤ በሰላም ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ አገረ ገዢ ሥር ይሆናል። ሁለተኛው በ1948 የተቋቋመው የአየር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ሲሆን፣ እሱ በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ይገዛል። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የወደ ፊቱን አብራሪ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባበት ስኳድሮን ራሱ ነው። አመልካቹ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል፤ ከአብራሪዎቹ ጋር ይተዋወቃል፤ በመጨረሻም በፊታቸው ተቀምጦ ይጠየቃል። ሀያ ዓመት አብሮን የሚበላና የሚበር ሰው ይህ ነው ወይ ብለው የሚፈርዱት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ሰው ከተመረጠ በኋላ የመኰንንነት ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም አንድ ዓመት ያህል የመሠረታዊ በረራ ትምህርት፣ ቀጥሎም የሚመደብበትን አይሮፕላን ዐይነት የሚያጠናበት ልዩ ትምህርት አለ። ራሱን ከአደጋ የሚያድንበት ሥልጠናና በየመካከሉ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ ሲጨመር ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ክንፉን በደረቱ ላይ ከሰካ በኋላ ደግሞ አሥር ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ወጪው ቀላል አይደለም። ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት፣ አንድ አብራሪን ለማሠልጠን ሲ-17 ለተባለው ማጓጓዣ 1.1 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤፍ-22 ለተባለው ተዋጊ ደግሞ 10.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል። ይህን ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት የሚጠይቀው ጥያቄ ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚጠይቀው ነው፤ ስንት ዓመት ያርስልኛል? በሀያ ሦስት ዓመቱ የጀመረ ወጣት ግዴታውን ሲፈጽም ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ከዚያ በኋላም አዛዥና አስተማሪ ሆኖ ሊቈይ ይችላል። በሠላሳ ሦስት የጀመረው ግን ግዴታውን ሲጨርስ አርባ አምስት ይሞላዋል።

የዕድሜው ወሰን ከሒሳብ የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ራሱ አየር ኃይሉ ሰጥቶናል። በ2017 ሁለት ሺህ ያህል አብራሪዎች እንደ ጐደሉት አስታወቀ። በ2020 ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ መኰንኖች ለበረራ ትምህርት የሚያመለክቱበትን የዕድሜ ወሰን ከ30 ወደ 33 ከፍ አደረገ። በእነዚያ ዓመታት የሰው ልጅ ሰውነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገበያው ሁኔታ ነው።

በተጠባባቂው ጦር ውስጥ ሒሳቡ በሌላ መንገድ ይሠራል። መደበኛው አየር ኃይል ወጣቱን አብራሪ ካሠለጠነ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ያዛውረዋል፤ ግዴታውንም በፈጸመ ማግሥት ለአየር መንገዶች ያስረክበዋል። ተጠባባቂው ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስኳድሮን፣ በአንድ ዐይነት አይሮፕላን ላይ አሥራ አምስትና ሀያ ዓመት ይቈያል። ሚስት አግብቶ ቤት የሠራ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ከዚያ ከተማ በቀላሉ አይነቀልም፤ ለመደበኛው ጦር ጉድለት የሚመስለው ነገር ለተጠባባቂው ጥቅም ነው። ከዚህም ሌላ የተጠባባቂ ስኳድሮን ራሱ በዕድሜ የበሰለ ነው። አብዛኞቹ አብራሪዎች በመደበኛው ጦር አገልግለው የመጡ ስለ ሆኑ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ አዲስ የገባ ሰው በአርባ ዓመት ሰዎች መካከል ይቀመጣል እንጂ በልጆች መካከል አይቀመጥም። እርግጥ በማዕርግ ምክትል መቶ አለቃ ነው፤ በሰባት ዓመት ለሚያንሰው ሻምበል ቀድሞ ሰላምታ መስጠት አለበት። ታናሽ ለታላቅ ከመቀመጫው በሚነሣበት አገር ላደገ ሰው ይህ ከበረራው ፈተና የሚቀል አይመስለኝም።

ሕያው ምሳሌ የሚሆነን የሲኒማ ተዋናይ የነበረው ጀምስ ስቱዋርት ነው። ስቱዋርት በ1908 ተወለደ፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተምሮ በ1932 ተመረቀ። በተዋናይነት ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር በራሱ ወጪ መብረር ተማረ፤ በ1935 የግል፣ በ1938 ደግሞ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ አገኘ። በመጀመሪያ ለጦር አገልግሎት ሲጠራ ክብደቱ ለቁመቱ አነሰ ተብሎ ተመለሰ። በመጋቢት 1941 በሁለተኛው ምርመራ አልፎ በተራ ወታደርነት ሲገባ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። የአብራሪ ዕጩዎች የዕድሜ ወሰን በዚያን ጊዜ 26 ዓመት ስለ ነበረ፣ የተለመደው በር ተዘግቶበታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሌላ በር ነበረ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው በቀጥታ መኰንን ሆኖ እንዲመደብ ማመልከት ይችል ነበር። ስቱዋርት በዚህ በር ገብቶ በጥር 1942 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንግሥት ሕጉን ለዝነኛ ሰው ብሎ አለማፍረሱ ነው። ስቱዋርት የማሠልጠኛውን ወጪና ጊዜ ከፊሉን አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎት ስለ ነበረ ሒሳቡ ተለወጠ። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚገቡ አብራሪዎች የሚታሰቡት ከጦር ግንባር ውጭ ላለው በረራ ነበር። እሱም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሌሎችን ሲያስተምር ቈየ፤ ወጣቶቹ ተማሪዎቹ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እሱ ይቀር ነበር። ወደ ግንባር ለመሄድ ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ በ1943 የ445ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን ክፍል በሆነው በ703ኛው ስኳድሮን ተመደበ፤ በኅዳር ወር በሠላሳ አምስት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ደረሰ። ቢ-24 በተባለው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን 20 የጦርነት በረራዎች ፈጸመ፤ በ1945 ኮሎኔል ሆነ። ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ እዚህ ማዕርግ የደረሰ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ከጦርነቱ በኋላ በተጠባባቂነት ቀረ፤ ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚያስተምረውም ይህ ዘመን ነው። በ1957 ለብርጋዴር ጄኔራልነት በታጨ ጊዜ የሴኔቱ የጦር ጉዳይ ኮሚቴ ሹመቱን ሳያጸድቅ ቀረ። ዋናዋ ተቃዋሚ የሜይን ክፍለ ግዛት እንደራሴ ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ነበሩ፤ እሳቸውም በአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕርግ ነበራቸው። ያቀረቡት ነቀፋ ስለ ዕድሜው ወይም ስለ ጀግንነቱ አልነበረም፤ ከጦርነቱ ወዲህ በተጠባባቂነት የሠለጠነባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው የሚል ነበር። ማዕርጉን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 ነው። እንደ እኔ አስተያየት ነቀፋው ተገቢ ነበር። ተጠባባቂነት በጀርመን ሰማይ ላይ በተፈጸመ ጀብዱ ሳይሆን በየወሩ በሚቈጠር ቀን የሚለካ ነገር ነውና። ስቱዋርት በ1966 በቪየትናም ላይ በሚበር ቢ-52 ውስጥ በተመልካችነት ተቀምጦ ሄዷል፤ በ1968 በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ወጣ።

ነገር ግን በዕድሜ ላይ የሚደረገው ልመና ሁሉ መልካም ፍጻሜ የለውም። ፈረንሳዊው ደራሲ አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ በ1900 ተወልዶ፣ በ1922 የተጠባባቂ ጦር መኰንን ሆኖ ነበር። ከዚያም ዘመኑን ደብዳቤ በሚያመላልሱ አይሮፕላኖች ላይ አሳለፈ፤ በ1935 በሊቢያ በረሃ፣ በ1938 ደግሞ በጓቴማላ ወድቆ ብዙ ቦታ ተሰብሯል። በ1943 በሰሜን አፍሪካ ሆኖ ፒ-38 በተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ፎቶግራፍ ለማንሣት እንዲፈቀድለት ለመነ። ከወሰኑ በብዙ ዓመት ያልፍ ነበር፤ ከአሮጌ ቍስሉ የተነሣም የበረራ ልብሱን ያለ ረዳት መልበስ አይችልም፤ አንገቱንም ወደ ግራ ማዞር ይሳነው ነበር። ሲያርፍ አይሮፕላን በመስበሩ ወዲያው ከበረራ ታገደ። እንደ ገና ለምኖ በ1944 ለአምስት በረራዎች ብቻ ተፈቀደለት፤ እሱ ግን ከተፈቀደለት ቍጥር አልፎ በረረ። በሐምሌ 31 ቀን 1944 ከኮርሲካ ተነሥቶ ሳይመለስ ቀረ። በማርሴይ አጠገብ ከባሕር የወጣው ስብርባሪ የእሱ አይሮፕላን መሆኑ የታወቀው በ2004 ነው። እንዴት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ዕድሜው ገደለው ማለት አይቻልም። ቢሆንም አንገቱን ማዞር የማይችል ሰው ጠላትን ብቻውን በሚጠብቅበት አይሮፕላን ላይ መቀመጡ፣ ስቱዋርት ረዳት አብራሪና መርከበኞች ይዞ ከበረረበት ቢ-24 ጋር የሚወዳደር አይደለም። የተጠባባቂው ጦር በጭነትና በነዳጅ ማደያ አይሮፕላኖች ብዙ መሥራቱ ለዘገየ ሰው የሚጠቅመው በዚህ በኩል ጭምር ነው።

በዕድሜ ገፍቶ አብራሪ ሆኖ መቈየትና በዕድሜ ገፍቶ አብራሪ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአገራችን ለዚህ የሚጠቀሰው ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በ1935 በጣልያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል በረረ፤ ከ1946 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1974 በረሃብ ለተጐዱት እህል ከአየር ለማውረድ ሲመጣ ዕድሜው ስድሳ አምስት ገደማ ነበር። በ1977 በጎዴ ሲገደል ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። እሱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ የበረረ ሰው ነበር። እጅ ከልጅነት የለመደውን በስድሳ ዓመት ሊያስታውስ ይችላል፤ በሠላሳ አራት ዓመት አዲስ ነገር ማስለመድ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ማየት ያለበት የሐኪሙን ነገር ነው። የበረራው የሕክምና ምርመራ ዐይንን፣ ጆሮን፣ ልብንና አከርካሪን ይመለከታል፤ አርባ ዓመት ሲቃረብ የዐይን ሌንስ እየደደረ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ እንደሚያስቸግርም የታወቀ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የቤተ ሰብ ነገር ነው፤ የሥልጠናው ሁለት ዓመት ከቤት ርቆ የሚኖርበት ጊዜ ነው። የሲቪል አሠሪውን በሚመለከት በ1994 የወጣ ሕግ አለ፤ ለወታደራዊ አገልግሎት የሄደን ሠራተኛ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወደ ሥራው እንዲመልሱት አሠሪዎችን ያስገድዳል። ጡረታውም የራሱ ቈጠራ አለው። ተጠባባቂው ሀያ የተሟሉ የአገልግሎት ዓመታት ሊኖሩት ይገባል፤ አንድ ዓመት ተሟላ የሚባለውም ቢያንስ 50 ነጥብ ሲገኝበት ነው።

ይህ የዕድሜ ሒሳብ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በስደት ለሄደ ሰው ነው፤ ስለዚህም በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል። በዚያ አገር መኰንን ለመሆን ዜግነት ግዴታ ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ለመጠየቅ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በሀያ አምስት ዓመቱ የደረሰ ሰው ዜጋ ሲሆን ሠላሳ አልፎታል፤ ዲግሪውን በዚያው ጊዜ ካልጨረሰ ደግሞ ወሰኑ ላይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ቋሚ ነዋሪ በተራ ወታደርነት ወደ ተጠባባቂው ጦር መግባት ይፈቀድለታል፤ አንድ ዓመት በክብር ካገለገለም አምስቱን ዓመት ሳይጠብቅ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። በስኳድሮኑ ውስጥ ሞተር እየፈታ ማታ ማታ ዲግሪውን የሚጨርስ መካኒክ፣ ለአብራሪነት ባመለከተ ቀን በፊቱ የሚቀመጡት ፈራጆች አይሮፕላናቸውን ሲጠግን በየወሩ ያዩት ሰዎች ይሆናሉ።