ከአጥራችን ውጭ የጣልነው ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?



የዛሬው ርእሳችን ለመንፈሳዊ መልእክት የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ የጉድፍ መጣያውን በር ያደሰው የአንድ ግዛት አለቃ እንደ ነበረ መጽሐፍ ቅዱስ ስሙን ጠቅሶ ይነግረናል (ነህ. 3፥14)። ከተማይቱ ጉድፏ የሚወጣበት በር ያስፈልጋት ነበር፤ አለቃውም ሥራውን አልናቀም።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣን የራሳችን ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር ከሚገኝ አንድ አጥቢያ ወጣቶች ጋር የጽዳት ዘመቻ አድርገን ነበር። ግቢውም መንገዱም ጸዳ፤ ጸሎት ተደርጎ ሻይ ተጠጣ። የተሰበሰበውን ቆሻሻ እንዲወስድልን ለአንድ ባለጋሪ ገንዘብ ከፈልን፤ የት እንደሚያደርሰው ግን አልጠየቅንም። በሳምንቱ ያንኑ ጆንያ፣ ያንኑ የተቀደደ ፍራሽ ከድልድዩ ሥር አገኘነው። ባለጋሪውን መውቀስ ቀላል ነበር። ከድልድዩ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ግን «እናንተ ጸዳችሁ፣ እኛ ተቀበልን» ሲሉን የምንመልሰው አጣን።

ወንዝ የተቀበለውን ይዞ ይሄዳል። የቀበና ውኃ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሱና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ ይለማል፤ ከብትም ይጠጣዋል። ፌስታሉ ደግሞ ቦይ ይደፍንና በክረምት ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሳል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰቦች እንደገና ሊሠራበት የሚችለውን ከሌላው እንዲለዩ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። ስለዚህ ወደ ገበያ ስንሄድ ዘንቢል መያዝ የድሮ እናቶች ልማድ ብቻ አይደለም።

በአዲስ አበባ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በየሰፈሩ የተደራጁ የጽዳት ማኅበራት ቆሻሻውን ከቤት ተቀብለው በጋሪ ወደ ማጠራቀሚያው ይወስዳሉ፤ ከዚያ መኪና ያነሣዋል። ክፍያው ከውኃ ሒሳብ ጋር ተዳምሮ ሲሰበሰብ ቆይቷል። እንግዲህ ብዙው ቤተሰብ ከፍሎበት ሳለ ነው በጨለማ ወደ ወንዝ የሚወረውረው! ማኅበሩ ከቀረ ወረዳው ጽዳት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቀኑን መጠየቅ ይገባል። ቤት አፍርሳችሁ አፈርና ፍርስራሽ ካላችሁም ጋሪ ወይም መኪና ከመከራየታችሁ በፊት የተፈቀደው መድፊያ የት እንደ ሆነ እዚያው ጠይቁ። እኛ ያልጠየቅነው ይህንኑ ነው።

ከቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው ግን ከነጭራሹ መውጣት የሌለበት የወጥ ቤት ትርፍና ቅጠል ነው። ጓሮ ያለው ሰው አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት አፈር እያፈራረቀ ይደርድር። እንዲረጥብ እንጂ እንዳይጨቀይ ውኃ ይርጨው፤ በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጠው። በሦስት ወር ገደማ ሽታው የዝናብ አፈር ሽታ ይሆናል። ሥጋና ቅባት አይግባበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ የእኛ ጉድጓድ ክፉኛ ሸተተ፤ ምክንያቱ ውኃው በዝቶ ደረቅ ቅጠሉ ማነሱ ነበር።

ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ጫማ «ቆራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ወንድማችን ይሰጥ፤ እንጀራው ነው። ፕላስቲክ በግቢ ውስጥ ማቃጠል መርዛም ጢስ ለልጆቻችን ማጠጣት ስለ ሆነ ይቅር። መርፌና ምላጭ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ይታሸግ፤ የሕክምና መርፌ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ። ጆንያውን የሚያነሡት እኅቶች እጃቸው ባዶ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሕጉ መንገድ የተጣለውም ቢሆን አንድ ቦታ ያርፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለአሥርተ ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ክምር ውስጥ የእኛም የየቤታችን ድርሻ ነበረበት፤ መቀነስን ከማስወገድ አስቀድመን የምናስተምረው ስለዚህ ነው።

ፍራሹን ከወጣቶቹ ጋር ሆነን ከድልድዩ ሥር አወጣነው። የወረዳው መኪና እስኪጭነው ድረስ ሦስት ሳምንት በዕቃ ቤታችን ውስጥ ሰነበተ።