ተነሣሽነት፣ አስተሳሰብና የማሞ ወልዴ 12 ዓመታት



የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እዚህ ልደታ ማርያም ከተሰበሰባችሁት ወጣቶች መካከል የዚያ ዓመት ውጤት በየቤታችሁ የገባባችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። ስለዚህ ስለ ተነሣሽነት ስናገር «በርቱ» ብዬ ብቻ ላልፍ አልችልም። ጥያቄዬ፣ ሰው «ወድቀሃል» ከተባለ በኋላ የሚያድገው እንዴት ነው? የሚል ነው።

መልሱን በማሞ ወልዴ የሩጫ ሕይወት ውስጥ እንፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ የክቡር ዘበኛው ማሞ በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1964 በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ደግሞ ወርቅ አገኘ። በ1972 በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ በማራቶን ነሐስ ጨመረ።

በልቡ ያሰበውን ልናውቅ አንችልም፤ የሠራው ግን ይታያል። ጽናቱ ብቻውን አይደለም የሚያስተምረን። በ800 ሜትር ላይ ብቻ 12 ዓመት ቢደክም ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስሙን ባላነሣን። እርሱ ሩጫን ሳይተው ርቀቱን ለወጠ። የሜልቦርኑ ውጤት የመንገዱ እንጂ የሰውየው መጨረሻ አልሆነም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክ ችሎታ በጥረት፣ በተሻለ ዘዴና በሌሎች እርዳታ ይዳብራል የሚለውን እምነት የዕድገት አስተሳሰብ ትለዋለች። እኛ ከሦስቱ ጥረትን ብቻ አንሥተን ሁለቱን እንዘነጋለን። አልበርት ባንዱራም «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው ሰው ራሱ ሠርቶ ከሚያገኘው ውጤት መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ተነሣሽነት እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ አያዋጣም። በሒሳብ የወደቀ ተማሪ የሳታቸውን ጥያቄዎች ይለይ፤ ጉድለቱ ከ8ኛ ክፍል የመጣ ከሆነም ሳያፍር ወደዚያው ይመለስ። ትናንት ያቃተውን አንድ ጥያቄ ዛሬ ሲፈታ፣ ለነገው የሚሆን ጉልበት ያገኛል።

ይሁን እንጂ አስተሳሰብ ሁሉን አይሸከምም። ማሞ ብቻውን አልሮጠም፤ እንደ አበበ ቢቂላ ያሉ ባልደረቦች ነበሩት። ከመቶ ተማሪዎች 97ቱ ያህል ሲወድቁ ሁሉም ሰነፎች ናቸው ብሎ መደምደም ፍርደ ገምድልነት ነው። መጽሐፉ፣ መምህሩና ትምህርት ቤቱም ሊጠየቁ ይገባል። እኛ መምህራን ተማሪውን «አስተሳሰብህን ለውጥ» ከማለታችን በፊት የማስተማር ዘዴያችንን እንመርምር። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ውጤታችሁን ዛሬ ማታ እንደገና አውጡና «ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ሳይሆን «ከየት ልጀምር?» ብላችሁ አንብቡት።