እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፤ የምርምር ገንዘብና የሊቃውንት ቅጥር

የፈረሰ ውል የሚያስከትለውን ጣጣ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 31 ቀን 2020 ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ስለ ዕቃና ስለ ቀረጥ ብዙ ተባለ፤ የዩኒቨርሲቲዎቿ ጉዳት ግን በጉምሩክ መዝገብ የሚነበብ አልነበረም።

ኅብረቱ ከ2021 እስከ 2027 ላቋቋመው «ሆራይዘን አውሮፓ» ለተባለው የምርምር መርሐ ግብር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ መድቦ ነበር። ብሪታንያ በተባባሪነት ልትገባበት በዲሴምበር 2020 ብትስማማም፥ በሰሜን አየርላንድ የንግድ ሥርዓት የተነሣው ክርክር ነገሩን አጓተተው። የቋሊማ ጭነት ያስነሣው ሙግት የሊቃውንቱን ገንዘብ አስያዘ ማለት ነው!

መንግሥቷ በኖቬምበር 2021 ውድድሩን ላሸነፉት ከራሱ ግምጃ ቤት ሊከፍል ዋስ ሆነ። ይህም የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ዋስ ዕዳ ይከፍላል እንጂ ሸሪክ አይሆንም። በ2022 የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ተሸላሚዎች፥ ወይ ወደ አባል ወይም ወደ ተባባሪ አገር ተቋም እንዲዛወሩ፥ ወይ ስጦታውን እንዲለቁ ተነገራቸው፤ ከእነርሱም ሻንጣቸውን ያነሡ ነበሩ።

ተባባሪነቱ የጸናው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። በውሉም መሠረት ብሪታንያ ላልተካፈለችባቸው ዓመታት አትከፍልም፤ ሊቃውንቷ የሚያገኙት ካዋጣችው በ16 በመቶ ያነሰ እንደ ሆነም ማካካሻ ይሰጣታል። ጥሩ ተዋዋይ እንዲህ ያደርጋል።

ቅጥሩ ግን ገና አልቀናም። ከ2021 ወዲህ ከፓሪስ ወይም ከሮማ የሚመጣ ተመራማሪ ቪዛ ያስፈልገዋል። በፌብሩዋሪ 2024 በዓመት 1,035 ፓውንድ የሆነው የጤና ክፍያም ለቪዛው ዘመን ሁሉ በቅድሚያ ይከፈላል። ለአምስት ዓመት 5,175 ፓውንድ፥ ለሚስቱም እንዲሁ። ዕቃው ሳይሸጥ ቀረጡን የሚከፍል አስመጪ ነገሩ ይገባዋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ወጪ ስለ ተቀጣሪው ይሸፍናሉ፤ የሚስቱንና የልጆቹን ግን ሁሉም አይከፍሉም።