የእንጦጦ የእግር መንገድ

ከወሰን ሰፈር ቆመህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትመለከት የእንጦጦ ጋራ አረንጓዴ ለብሶ ይታይሃል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው በተነጠፈው መንገድ ይንሸራሸራል። ነገር ግን ከመሐንዲሱ አስቀድሞ የጋራውን መንገድ ያወጣው የሰው እግር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ በዚህ ጋራ ላይ ከተሙ፤ በ1882 ዓ.ም.ም በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ነገር ግን ቦታው ብርድ የሚበዛበት፥ ማገዶም የሚያንስበት ስለ ሆነ ከተማው ወደ ፍል ውሃ አጠገብ ወረደ፤ አዲስ አበባም ተባለ። ጥዱና ወይራው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ሄደ። የእንጨቱ ችግር እጅግ ስለ በረታ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በቶሎ ስለሚያድግ፥ ተቆርጦም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከተማይቱን ከመነቀል አዳናት።

ጋራው በዛፍ ሲሸፈን እንጨት ለቃሚ ሴቶች ተነሡ። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስበው፥ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም አዝለው ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። በዚህ ማገዶ ስንት ምጣድ እንጀራ ተጋገረ! ቀጭኗን የጋራ መንገድ የጠረገው እግራቸው ነው።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውሃ ወዳድ ነው፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም፤ አፈሩም ይሸረሸራል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ውሃ የሚከፈልበት ነው፤ በደቡብ የወረደው በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፥ በሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ አገር በቀሉን ዛፍ መመለስ ተገቢ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በ705 ሄክታር መሬት ላይ ለዚሁ ይደክማል።

ታዲያ ባሕር ዛፉ ተነሥቶ ጥዱ ሲመለስ እንጨት ለቃሚዋ በምን ትኖራለች? ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተሰብስበው ሸማ ሠሪዎች ሆነዋል። ሥራ ያልተገኘላት ግን ጋራውን ልትተው አትችልም፤ የልጆቿ ራት ከዚያው ነውና። ዛፍ የሚተክል ሁሉ ይህንንም አብሮ ማሰብ አለበት።

አንተም፥ አንባቢ ሆይ፥ እሑድ ልትናፈስ ስትወጣ ሸክም ያዘለች እናት ብታገኝ ዞር ብለህ አሳልፋት። የመንገዱ ባለቤት እርሷ ናትና።