የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለትርፍ ሰዓት ሥራ

ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ወረዳ ናት። ማንጎና እህል ወደ አሶሳ ገበያ፣ ሲሚንቶና ሸቀጥ ደግሞ ወደ ገጠር የሚመላለሰው በጭነት መኪና ነው። የጭነቱ ብዛት ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ፣ ከእርሻ ወይም ከደመወዝ ሥራ ጎን ለጎን ማሽከርከር የሚፈልግ ሰው በምርት መሰብሰቢያና በበጋ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

በኢትዮጵያ የመንጃ ፈቃድ አሰጣጥን የሚመራው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። የአውቶሞቢል ፈቃድ ያለው ሰው በዚያው ብቻ የጭነት መኪና መንዳት አይችልም፤ ደረቅ ጭነት የራሱ ምድብ አለው፣ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ደግሞ የፈሳሽ ምድብ ይጠይቃል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር መስፈርቱም ይጠብቃል።

አመልካቹ የጤና ምርመራ፣ በተለይም የዓይን፣ ካለፈ በኋላ በማሠልጠኛ ተቋም ንድፈ ሐሳብና ተግባር ይማራል። ፈተናውን ሰጥቶ ፈቃዱን የሚያወጣው ግን የመንግሥት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ተቋሙ የሚሰጠው የሥልጠና ማስረጃ መንጃ ፈቃድ አይደለምና በእሱ ብቻ መሪ መጨበጥ ሕገወጥ ነው።

በትርፍ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከተሳቢ ይልቅ አይሱዙን የመሰለ ቀላል መኪና ይሻላል። ከባዱ ቀናት የሚወስድ ጉዞ ይጠይቃል፤ ቀላሉ ግን ከሆሞሻ አሶሳ ደርሶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ሙሉ ቀን ሲያርስ ውሎ ሌሊት መንዳት ግን ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ሊታሰብም አይገባም። የምዕራቡ ክረምት ረጅም በመሆኑ፣ ጭቃ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መንዳትንና ቁልቁለት ላይ በሞተር ፍሬን መጠቀምን ልምድ ካለው ሾፌር ጎን ተቀምጦ መለማመድ ያስፈልጋል።