መቶ ሲል ስንት ሰው ነው?

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው በዓመት ከ5 ትሪሊዮን በላይ ፍለጋ ያስተናግዳል። ትሪሊዮን ሲባል ለጆሮ ይከብዳልና እናካፍለው፤ በቀን 13.7 ቢሊዮን፣ በሰከንድ 158 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነው የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል አንድ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ያን የሚያህለው ፍለጋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ቡናው ተቆልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ማለት ነው።

እኔን ከዚህም በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ኩባንያው ለዓመታት ሲናገር እንደቆየው፣ በየቀኑ ከሚመጡለት ፍለጋዎች 15 ከመቶው ከዚያ በፊት ጨርሶ ታይተው የማያውቁ ናቸው። ሒሳቡ ሲሠራ በቀን 2 ቢሊዮን ገደማ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። የሰው ልጅ ጥያቄ አያልቅበትም!

ሕዝብ ምን እየፈለገ እንደሆነ ማንም በነፃ እንዲያይ የተከፈተው ጉግል ትሬንድስ ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን መረጃው ከ2004 ይነሣል። ቃል ጽፎ አገርና ጊዜ ለመረጠ ሰው ከ0 እስከ 100 የሚወጣና የሚወርድ መስመር ያሳየዋል። ይህ 100 ግን የሰው ብዛት አይደለም። ቃሉ በዚያ አገር ከተደረገው ፍለጋ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የያዘበት ጊዜ 100 ይባላል፤ ሌላው ጊዜ ከእሱ አንጻር ይሰላል። ስለዚህ ሚሊዮኖች የጠየቁትም፣ ጥቂት ሺዎች የጠየቁትም ጫፉ ላይ ያው 100 ነው።

ይህ ሳይስተዋል ቀርቶ አንድ አገር በዓለም ፊት መሳለቂያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታንያውያን ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ወሰኑ። በማግስቱ ጉግል ትሬንድስ፣ ውጤቱ ከታወቀ ወዲህ በአገሪቱ ስለ ኅብረቱ በብዛት ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለተኛው «የአውሮፓ ኅብረት ምንድን ነው?» የሚለው መሆኑን ገለጸ። ወሬውን ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ሰዎቹ ምን እንደመረጡ ሳያውቁ መረጡ ተባለ። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን 33.5 ሚሊዮን ነበር። የጠያቂዎቹን ቁጥር በኋላ ለመገመት የሞከሩ ሰዎች ያገኙት አንድ ሺህ ገደማ ነው። ከ33 ሺህ መራጭ አንድ መሆኑ ነው፤ ያውም ጠያቂው ሁሉ መራጭ ከነበረ። የቤት ሥራውን የሚሠራ ተማሪም፣ ድምፅ የማይሰጥ የውጭ ዜጋም ሊሆን ይችላል። ደረጃ ተነገረ፣ ብዛት አልተነገረም፤ ፍርዱ ግን በሚሊዮኖች ላይ ወደቀ።

ዜሮውም ያሳስታል፤ እኛን የሚጎዳን ደግሞ ይኼኛው ነው። ፍለጋው ጥቂት ሲሆን ትሬንድስ 0 ብሎ ያልፈዋል። ቃሉንም የሚቆጥረው በተጻፈበት ፊደል ብቻ ነው፤ ሌላውን አጻጻፍ በራሱ አይደምርም። «ፀሐይ»ን ውሰዱ፦ መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ፣ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። በጠቅላላው 12 አጻጻፍ ነው፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈው ገና አልተቆጠረም። የአንድ ነገር ፈላጊዎች 12 ቦታ ተበትነው እያንዳንዱ 0 ሲወጣ፣ አማርኛ ተናጋሪው ምንም የማይጠይቅ ይመስላል።

ጅዳ ወይም ቤይሩት ተቀምጣ ስለ ደመወዟ ወይም ስለ ሕመሟ በአማርኛ የምትጠይቅ እህታችንስ? የእሷ ፍለጋ የሚመዘገበው በሳዑዲ ወይም በሊባኖስ ስም ነው፤ እዚያም በአረብኛ ከሚፈለገው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ከቁጥር አይገባም። የአማርኛ ተናጋሪውን ጭንቀት ከዚህ ግራፍ ማንበብ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ወይም ተመራማሪ አንድ ቃል ጽፎ ባይረካ ይሻላል። አጻጻፎቹን ሁሉ በመደመር ምልክት ካያያዛቸው ትሬንድስ አንድ ላይ ያሰላለታል፤ የላቲኑንም ጨምሮ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን አገሮች አንድ በአንድ እየከፈተ ይይ።