ዓሣና ጎመን በአንድ ውኃ

የከተማ ነዋሪ ግቢ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ፣ የቧንቧው ውኃም በብዙ ሰፈሮች በፈረቃ እየመጣ የጓሮ አትክልት ማልማት ለብዙ ቤተሰቦች የማይሞከር መስሏል። ይሁንና በአንድ የውኃ ማጠራቀሚያና በአንድ የአትክልት መደብ ዓሣንም ጎመንንም አብሮ ማሳደግ የሚያስችል ዘዴ አለ። አኳፖኒክስ ይባላል። ዓሣው የሚያስወግደው ቆሻሻ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል፤ አትክልቱም በበኩሉ ውኃውን አጥርቶ ለዓሣው ይመልሳል። ያው ውኃ ስለሚመላለስ በየቀኑ የሚጨመረው ከጠቅላላው ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ገና በመጀመሪያው ወር ዓሦቹ አልቀው፣ የወጣው ገንዘብ ባክኖ፣ ልጆችም አዝነው የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዚህ ዋና ምክንያት የዕቃ ጉድለት ሳይሆን መቸኮል ነው። እንዴት እንደሆነ ቀጥለን እንመለከታለን።

ሙያው ከየት መጣ?

በሩዝ ማሳ ውስጥ ዓሣ ማርባት በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ዘመናዊውን መልክ በማዳበር ስማቸው ከሚነሣው መካከል እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የተመራመሩት ዶክተር ጄምስ ራኮሲ ይገኙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአነስተኛ አምራቾች የሚሆን ሰፊ መመሪያ አሳትሟል። ይኸው ድርጅት መሬትና ንጹሕ ውኃ እጅግ በጠበበበት በጋዛ ሰርጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ቤተሰቦች በቤታቸው ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ እርሻ እንዲያቋቁሙ ረድቶ ነበር። ከተረዱትም መካከል በሴቶች የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ነበሩበት። እንግዲህ ዘዴው ለባለጸጎች ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

የማይታየው ሦስተኛ ባለ ድርሻ

ዓሣ የበላውን ከተጠቀመ በኋላ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ወደ ውኃው ይለቃል። አሞኒያ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ነገር ግን በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ዓሣውን ብዙም አይጎዳም፤ ለአትክልት ግን ዋና ምግብ ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ እንዳይምታታብን፣ ናይትራይት የሚገድለው፣ ናይትሬት የሚያበቅለው ነው ብለን እንያዘው። ተማሪዎቻችን ይህን የናይትሮጅን ዑደት ለፈተና በቃላቸው ይይዙታል፤ በቤታቸው ሲሠራ ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ባለ ድርሻዎቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ ዓሣ፣ አትክልትና ባክቴሪያ። ዓሣና አትክልት በገንዘብ ይገዛሉ። ባክቴሪያው ግን በጊዜ እንጂ በሌላ አይገኝም። አዲስ ገንዳ ሞልቶ በዚያው ዕለት ዓሣ የሚጨምር ሰው ዓሦቹን መርዝ የሚያጠፋላቸው በሌለበት ቤት አስገባቸው ማለት ነው። ውኃው ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ሲሹ፣ ከዚያም ሲያልቁ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

ዕቃውና አሠራሩ

ለጀማሪ 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶና 1 ካሬ ሜትር ስፋት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው መደብ ይበቃል። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም። መደቡን ከጣውላ ሠርቶ ውስጡን በወፍራም ላስቲክ ማልበስ ይቻላል። ውኃው ተመልሶ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መደቡ ከሮቶው ከፍ ብሎ በጠንካራ እግር ላይ ይቁም። 500 ሊትር ውኃ ብቻውን ግማሽ ቶን ይመዝናልና አቅሙ ባልታወቀ በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ አይቀመጥ።

መደቡ አፈር አይገባበትም። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀይ አሽ ወይም ጠጠር በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይሞላል። ቀይ አሽ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያው ምቹ ማደሪያ ነው። ጠጠር ከሆነ አስቀድሞ ጥቂት አቼቶ ጠብ ይደረግበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራነት አለውና አይጠቅምም። የሚሞላው ሁሉ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠብ።

ከሮቶው ውስጥ በሰዓት 1,000 ሊትር ያህል የሚገፋ አነስተኛ ፓምፕ ውኃውን ወደ መደቡ ያወጣል። በመደቡ ውስጥ የቆመ ቱቦ ይተከላል፤ ጫፉ ከጠጠሩ ላይኛ ገጽ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከሥሩም ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለታል። ፓምፑ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ሠርቶ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ሰዓት ያለው ማብሪያ ይገጠምለታል። ሲሠራ መደቡ ይሞላል፤ ሲያርፍ ውኃው በታችኛዋ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሥሩና ባክቴሪያው አየር ያገኛሉ። ጠጠር ቱቦውን እንዳይደፍነው በሌላ ሰፊና ቀዳዳ በበዛበት ቱቦ ይከበብ። መደቡ ሲሞላ ከሮቶው 100 ሊትር ያህል ውኃ ስለሚወጣ ፓምፑ ደርቆ እንዳይቀር ሮቶውን ሁልጊዜ ሙሉ ማድረግ ይገባል። ለዓሣው ተጨማሪ የአየር ማስገቢያ ፓምፕ ቢኖር እጅግ ይመረጣል።

ያለ ዓሣ የሚያልፈው ወር

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ። ከዚያም ፓምፑ ይሥራ፤ በየቀኑም አንድ ቁንጥር የዓሣ መኖ ወደ ውኃው ይጨመር። መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያውም ባክቴሪያውን ይስባል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በጠብታ መመርመሪያ ውኃውን መለካትና በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወደ ዜሮ ተጠግተው ናይትሬት ብቻ ይታያል። ይህ በሞቃት አየር ከ25 እስከ 40 ቀን ይወስዳል፤ በደጋ ይረዝማል። መመዝገቡ ለልጆች ይሰጥ፤ ይህን ያህል ሶብር የሚያስተምር የቤት ሥራ በቀላሉ አይገኝም።

ናይትሬቱ ሲታይ በመጀመሪያ ችግኙ፣ ከዚያም ዓሣው ይገባል። የዓሣው ከረጢት ሳይከፈት ውኃው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል።

ዓሣው እንደ አገሩ አየር

ቆሮሶ በብዛት የሚመረጥ ዓሣ ነው። ነገር ግን የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይገታል፤ 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስም ለሞት ያሰጋዋል። ስለዚህ ለድሬዳዋ፣ ለአዋሽ፣ ለሸዋ ሮቢት ወይም ለሐዋሳ ቤተሰብ ሲስማማ፣ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በውጭ ማኖሩ አያዋጣም። ለደጋ ቅዝቃዜን የሚችለው ካርፕ ይሻላል። ስለ ዓሣ ጫጩት አስቀድሞ በሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም የአካባቢን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይጠቅማል። ለ500 ሊትር ከ20 ጫጩት በላይ አያስፈልግም። ጥቂት ዓሣ መብራት በጠፋ ጊዜ በአየር እጥረት ቶሎ አይጎዳም።

ከአትክልት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና በሶብላ ለጀማሪ ይስማማሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ብዙ ምግብ ስለሚሹ ከወራት በኋላ ይሁኑ። ቅጠላ ቅጠል ለተተከለበት 1 ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ የሚመጥን ሲሆን፣ ጫጩቶቹ ይህን ያህል እስኪበሉ ድረስ ከመደቡ ግማሹን ብቻ መትከል ያስፈልጋል።

ቤተሰብ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች

ዓሣው በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልበላው መኖ ይውጣ። መብራት ሲጠፋ መኖ አይሰጥ፤ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል። አትክልቱ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ዓሣውን መግደል ነው፤ ተባይ በእጅ ይለቀም። የውኃው የአሲድ መጠን መለኪያ (ፒኤች) ከ6 እስከ 7 ይሁን፤ ከ6 ከወረደ ባክቴሪያው ስለሚደክም እጅግ ጥቂት ኖራ በየቀኑ እየጨመሩ ቀስ ብሎ ማስተካከል ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ሮቶው ጠንካራ ክዳን ወይም መረብ ይኑረው። ክዳኑ ፀሐይንም ስለሚከለክል አረንጓዴ አልጌ አይበዛም። የኤሌክትሪክ ገመድና ሶኬት ከውኃው ርቀውና ከፍ ብለው ይሰቀሉ፤ እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሶኬቱ ይነቀል። አንዳንድ እናቶች «በዓሣ ቆሻሻ ያደገ ጎመን ይበላልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ተክሉ የሚወስደው ቆሻሻውን ሳይሆን ባክቴሪያው የለወጠውን ማዕድን ነው፤ በፍግ ከሚበቅለው ጎመን በዚህ አይለይም። ቢሆንም የሮቶው ውኃ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ ጥሬውን የሚበላውም በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ።

ይህ እርሻ ባለጸጋ አያደርግም። ቆሮሶ በሞቃት ውኃ ለገበታ የሚደርሰው ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ 20 ዓሣ እያንዳንዱ 300 ግራም ቢደርስ እንኳ በጠቅላላው 6 ኪሎ ነው። የመኖና የመብራት ወጪም አለበት። ዋናው ትርፍ በየሳምንቱ የሚቆረጠው ቅጠላ ቅጠል፣ የዳነው ውኃና ልጆች በገዛ ዓይናቸው የሚያዩት ትምህርት ነው። ስለዚህ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ቤተሰቦች ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት መደቡንና ደብተሩን አዘጋጁ፤ አርባ ቀኑንም ታገሡ። ከዚያ በኋላ የምታስገቡት ዓሣ ኢንሻአላህ የሚኖርበትን ውኃ ያገኛል።